በሁለት ላስቲክ የታሸገው ውኃ

ፕሮፌሰሩ የተገኙት በሐይቁ ዳር፣ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ በደረታቸው ተደፍተው ነበር። እስከ ጭን የሚደርስ የጎማ ቦት አድርገዋል፤ ጓንቶቻቸው በጭቃ ተለውሰዋል፤ ማጅራታቸው አብጧል። የናሙና ሣጥናቸው ዳሩ ላይ ተከድኖ ተቀምጧል።

መርማሪዋ አስከሬኑን አየችና ምንም አልተሰማትም። እናቷን ከቀበረች ወዲህ ነገር ሁሉ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ወሬ ሆኖባታል። የእናቷን ቀለበት ጣቷ ላይ ታዞራለች እንጂ እንባ እንኳ አልወጣትም። ዓይኗ ግን እንደ ድሮው ሥራውን ይሠራል።

«አዳልጧቸው ነው» አለ ሳጅኑ። «ብቻቸውን መጥተው…»

«ብቻቸውን መምጣታቸውን ማን ነገረህ?»

«ሌላ ሰው የለማ።»

ሣጥኑን ከፈተችው። አንድ ጠርሙስ ውኃ በትንሽ ላስቲክ ታሽጓል፤ ትንሹ ላስቲክ ደግሞ በትልቅ ላስቲክ። የውጪኛው ላይ የጭቃ ጣቶች አርፈውበታል። የውስጠኛው ከሱቅ እንደወጣ ንጹሕ ነው። ብዙ አየችውና መልሳ ከደነችው።

የፕሮፌሰሩ የምርምር ቡድን ቤት ከዩኒቨርሲቲው ሕንፃ መጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ ከመጥረጊያ ማስቀመጫ ክፍል ተነሥተው፣ ግድግዳ እያስፈረሱ፣ ተማሪ እየለመኑ፣ የአፈርና የውኃ ብክለት የሚለካበት ቤት አደረጉት። አሁን ሦስት ሰው ቀርቶታል።

የላብራቶሪ ኃላፊዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ቃላቸውንም ጨዉንም ስለሚመዝኑ «ሚዛን» ይሏቸዋል። ግራ እጃቸው እስከ ክርን በጀሶ ታስሯል።

«የሚጠላቸው ሰው ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ሁላችንም፣ አንዳንድ ቀን። ጠርሙሱን አጥበሽ ጨርሰሽ ‹እስቲ ደግሞ አንዴ› ሲሉሽ ማን ይወዳል? ክፉ ሰው ግን አልነበሩም፣ የኔ ልጅ።»

«ትናንት ጩኸት ነበር አሉ።»

«ከዶክትሬት ተማሪያችን ጋር ነው። እሷኑ ጠይቂያት።»

ተማሪዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። የጥፍሮቿ ቀይ ቀለም ግማሹ ተልጧል። ስትናገር የሌላ ሰው ጉዳይ የምታወራ ይመስላል።

«የዛሬ ጥቂት ዓመት በሐይቁ ውኃ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት አለ አልን። የዳሩ መንደር ሰው ከቦታው እንዲነሣ ተደረገ። ይኼ ቤት የቆመው በዚያ ጥናት ነው፤ የእኔም ትምህርት እንደዚያው። ትናንት ጋሼ ጠርተው ‹እርሳሱ የሐይቁ አይደለም፤ ከራሳችን የጠርሙስ ክዳን የመጣ ይመስለኛል። እንደገና ለክተን እውነቱን እንናገራለን› አሉኝ። ‹ገደሉኝ!› አልኳቸው። ፎቁ ሁሉ ሰማኝ።»

ሳጅኑ መርማሪዋን ወደ ኮሪደሩ ጠራት። «አለቃ ጠብ ነበር የሚለው ደርሷቸዋል። እስከ ማታ ሌላ ሰው ካልተገኘ ልጅቷን ይዛችሁ ግቡ ብለዋል።»

የፕሮፌሰሩ ምክትል በቢሮው ቆሞ ጠበቃት። ከፕሮፌሰሩ ጋር ቡድኑን ከመጀመሪያው የመሠረተው እሱ ነው።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ተኝቼ። የቀሰቀሰኝ የሞታቸው ስልክ ነው።»

«ብቻቸውን ወደ ሐይቅ መሄድ ልማዳቸው ነው?»

«ግትር ነበሩ። ያሉትን ሳያደርጉ አያድሩም።»

ሲናገር አውራ ጣቱ የቀለበት ጣቱን ሥር ያሻል። እዚያ ላይ ቆዳው ነጣ ያለ መስመር አለው። መርማሪዋ አመስግናው ወጣች፤ አንድ ስልክ ደወለች፤ ከዚያ ወደ ሚዛን ተመለሰች።

«ይኼን ጠርሙስ እንዴት ነው የምታሽጉት?»

«አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይባል የለ? ናሙናም ለብቻ አይወሰድም። አንዱ ሰው ቆሻሻ እጅ ነው፤ ሣጥኑንና የውጪውን ላስቲክ ይነካል። ሌላው ንጹሕ እጅ ነው፤ ከውስጠኛው ላስቲክና ከጠርሙሱ በቀር ምንም አይነካም። ንጹሕ እጅ የሆነ ሰው ቀለበት አያደርግም፣ ቅባትም የጥፍር ቀለምም አይቀባም። ጋሼ በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበር።»

ማታ ሁሉም በጠርሙስ ማድረቂያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ተማሪዋ ሹራቧን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ነው የመጣችው፤ እንደሚወስዷት ተነግሯታል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለች መርማሪዋ፣ ሣጥኑን እየከፈተች። «የፕሮፌሰሩ ጓንት ጭቃ ነው፤ የውጪው ላስቲክም ጭቃ ነው። ቆሻሻው እጅ እሳቸው ነበሩ። የውስጠኛው ላይ ግን ጠብታ ጭቃ የለም።»

«ጓንት ቀይረው ቢሆንስ?» አለ ምክትሉ።

«ትርፍ ጓንት በሣጥኑም በኪሳቸውም አልተገኘም። ስለዚህ ንጹሕ እጅ የሆነ ሌላ ሰው ነበረ። እሜቴ በአንድ እጅ ላስቲክ አያሽጉም። ይህች ልጅ ጥፍሯ ቀለም ነው፤ ቀለሙም የቆየ ነው። እንዲህ ሆና ፕሮፌሰሩ ጠርሙስ አያስነኳትም። እርስዎስ? ቀለበትዎ የት ነው?»

ምክትሉ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ባለቤትዎን ጠየቅኳቸው። ‹ስነቃ አልጋው ባዶ ነው፤ ቀለበቱን ሳሙና ማስቀመጫው ላይ አገኘሁት። መስክ ሲወጣ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚተወው› አሉኝ። እርስዎ ግን ተኝቼ ነበር ብለውኛል።»

ምክትሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የመጀመሪያውን ጠረጴዛ በደረጃ ተሸክመን ያወጣነው ሁለታችን ነን» አለ። ድምፁ ደረቅ ነው። «ቤቱን ሊያፈርሱት ነበር። ተዉት አልኳቸው፤ እንቢ አሉ። ገፋኋቸው፤ ድንጋይ ላይ ወደቁና ወደ ውኃው ተንሸራተቱ። ላነሣቸው እችል ነበር። ቆሜ አየሁ።»

«ይህ ውኃ እርስዎን የሚያጋልጥ ነው። ለምን አልደፉትም?»

«የተወሰደ ናሙና አይደፋም» አለ ምክትሉ። «ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ሳጅኑ ይዞት ወረደ። ተማሪዋ ቦርሳዋን አስቀመጠች። «ውኃውን ልለካው?» አለች።

መርማሪዋ ግማሹ ለፍርድ ቤት እንዲቀር አድርጋ ፈቀደችላት። ልጅቷ ከመታጠቢያው ዘንድ ቆማ የጥፍሯን ቀለም አንድ በአንድ አስለቀቀች። ከዚያ ሚዛን ሣጥኑንና የውጪውን ላስቲክ በደህናው እጃቸው ያዙላት፤ እሷ የውስጡን ከፈተች። መሣሪያው ሥራውን እስኪጨርስ ሦስቱም አጠገቡ ቆሙ።

«እርሳስ የለበትም» አለች ተማሪዋ። «ደህና ውኃ ነው። ሰዎቹን በከንቱ ነው ያስነሣናቸው።»

«ትምህርትሽስ?»

«እሱማ አብሮ ሄደ።» ማልቀስ ያለባት ይመስል ዓይኗን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። «ለመንደሩ ሰዎች ከመንገሬ በፊት ግን ሌላ ናሙና ያስፈልገኛል። በአንድ ጠርሙስ ተሳስተን ነው እዚህ የደረስነው።» የሚዛንን ጀሶ አየች። አብሯት ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው የለም።

መርማሪዋ የእናቷን ቀለበት ጣቷ ላይ አዞረችው።

«ቆሻሻው እጅ ቀለበት ቢያደርግ ችግር አለው?»

«የለውም» አለች ተማሪዋ።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ሣጥኑን እኔ እይዝልሻለሁ።»