ዘይነብ የቆመችበት ሳንቃ

እኔ ጂን አየሁ፣ ሙት ጠራኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ትኩሳት ይዞት ይሆናል ብዬ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ የሽቦ ሠራተኛ ነኛ፣ ደወል ከጮኸ አንዱ ሽቦ ሌላውን ነክቶታል ማለት ነው፣ አለቀ። ይቺን ግን ስማኝ።

አብዮቱ ሊፈነዳ ወራት ሲቀሩት፣ ክፉ ቀን ወሎን ሲፈጀው፣ መካነ ሰላም ከተማ የአንድ ሐጂ እህል መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ፣ የማድረውም እዚያው ነው። ሽቦ እንደምችል ስላወቁ የሌባ ደወል ሥራ አሉኝ። መንገዱ ሁለት ነው፣ ወይ ሽቦው ሁልጊዜ ተገናኝቶ ይቆይና ሲበጠስ ይጮኻል፣ ይሄ የባትሪ ድንጋይ ይጨርሳል፤ ወይ ተራርቆ ይቆይና ሲገናኝ ይጮኻል። ሁለተኛውን መረጥኩና በሩ ደፍ ላይ ሳንቃ አነጠፍኩ፣ ከሥሩ ወደ ላይ የሚገፋው የብረት ሞላ አደረግኩ፣ ሰው ሲቆምበት ሳንቃው ወርዶ ሽቦዎቹን ያገናኛል።

ታናሽ እህቴ ዘይነብ ወግዲ ነበር ያገባችው። ባሏን ቀብራ በእግሯ መጣች፣ ጎረቤት ቤት አስጠጋኋት፣ ሐጂም ደግ ናቸው፣ «በየቀኑ ገብስ ስፈርላት» አሉኝ።

«ከጎን ያለው የወፍጮ ቤት ሞተር ስለሚያጓራ ብታንኳኪም አልሰማሽም» አልኳት፣ «ሳንቃው ላይ ቁሚ፣ እከፍትልሻለሁ።»

«መቆም ብቻ ይበቃል፣ ወንድምዓለም?»

«ይበቃል።»

ሁለት ቀን መጣች፣ ጮኸ፣ ከፈትኩላት። ከዚያ የሰፈር ውሻ እየወጣበት ሲያስቸግረኝ ሞላውን አጠነከርኩት፣ የሞከርኩትም በራሴ እግር ነው። ወላሂ፣ እሷ ምን ያህል እንደቀለለች አላሰብኩም።

በማግስቱ ከተማውን ጉም ሸፍኖት ቀኑን ሙሉ አልተነሳም። ዘይነብ የምትመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነበር፣ ደወሉ ግን ዝም፣ ዛሬ ቀረች ብዬ ጆንያ ስደረድር ዋልኩ። አመሻሽ ላይ በሩን ስከፍት ሳንቃው ላይ ተኝታለች፣ ሻሿን ለገብሱ እንደዘረጋች፣ ሞታ ደርቃለች። ሳንቃው ከነእሷ ወደ ታች ንቅንቅ አላለም። እኔ እኮ ከበሩ ወዲህ ነበርኩ። አንጀቴ ያኔ ተቆረጠ፣ እስከዛሬም አልተቀጠለም።

በቀበርናት በሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ደወሉ ጮኸ። ከፈትኩ፣ ማንም የለም፣ ሳንቃው ግን ወርዷል። ድንጋይ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ምንም። በእጄ ላነሳው ብሞክር እምቢ አለኝ፣ ገብቼ የባትሪውን ሽቦ ነቀልኩ፣ እመነኝ፣ አሁንም ይጮኻል።

በሩን ወለል አድርጌ፣ «ዘይነብ፣ ግቢ» አልኩ።

ሳንቃው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ደወሉም ዝም አለ።

ለሐጂ ስነግራቸው «ዱዓ አድርግላት» ብቻ አሉኝ። ሳንቃው ከተነሳ የቆመበት ሰው ወርዷል ማለት ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ወደ ውስጥ ይውረድ ወደ ውጭ ግን አይናገርም። ይኸው አርጅቼም በሬን ስዘጋ እጄ ይያዛል፣ ገብታ ይሁን አሁንም ውጭ ቆማ አላውቅማ።