አላፊ የጣለው ድንጋይ

ማመን የማይፈልግ አሁኑኑ ይውጣ። አልቀየምም።

እኔ ግን የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች አሁንም በጀሶ ታስረዋል። በግራ እጄ ስለምጽፍ የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

ሌሊት አልነበረም። ዝናብም መብራት መጥፋትም አልነበረም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ሚያዝያ። ጠራራ ፀሐይ።

ሰው ጨለማ ይፈራል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈራው ቀትርን ነው...

ቦታው ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ ስትሄዱ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ተራራ ነው። ስሙን አልናገርም። ስሙን ከጠራሁ ነገ ጠዋት ስልኩን ይዞ ፎቶ ሊነሳ የሚሄድ አይጠፋም፤ የሰፈሬን ልጆች አውቃቸዋለሁ።

ልዩ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ ሞባይል እሸጣለሁ፤ እሁድ እሁድ ተራራ እወጣለሁ። ወንድሜ ሚኪያስ "ሃምሳ አለቃ" ነው የሚለኝ፤ ሕግ ስለማበዛ።

በቂ ውሃ ያልያዘ ከእኔ ጋር አይወጣም። ፊሽካ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ለሽንት እንኳ ቢሆን ማንም ከዓይን አይርቅም። መንገድ በተከፈለ ቁጥር ደግሞ ከኋላ ያለው ሰው ሦስት ድንጋይ ደርቦ ምልክት ያስቀምጣል፤ ስንመለስ በየት እንደመጣን እንድናውቅ።

እዚያ ተራራ ላይ ያለ ምልክት መሄድ እብደት ነው። መሬቱ ሁሉ ድሮ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ገደሉ ከገደል አይለይም። ኔትወርክ የለም። የጠፋ ሰው ውሃ ጥም እስኪገድለው አይጠብቅም፤ ደንግጦ ሲሮጥ ገደል ይገባል።

ሦስት ነበርን። እኔ፣ ሚኪያስ እና ጓደኛችን ሞቲ። ሞቲ ጋራዥ ነው የሚሠራው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ከሰው ቶሎ የሚግባባ ልጅ ነው።

ሚኪያስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙሽራ ነው። እናታችን የሺዓለም ጠላውን ጠንስሳለች፤ ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል። ጠዋት ልንወጣ ስንል በር ላይ እጄን ያዘችኝ።

"ልዩ፣ ልጄን እንደወሰድሽው መልሺልኝ።"

"እማ፣ ተራራ እኮ ነው፤ ጦር ሜዳ አደረግሽው።"

"እንደወሰድሽው" አለች ደግማ። አልሳቀችም።

ተራራው ሥር ስንደርስ አንድ ትልቅ ግራር አለ። ከሥሩ የድንጋይ ክምር አለ፤ ቁመቱ ደረቴ ድረስ ይሆናል። ዙሪያው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ክምሩ ብቻ ነጭ ነው።

ሞቲ የደረቀውን ወንዝ ስንሻገር ያነሳውን ነጭ ድንጋይ ከኪሱ አወጣ። ክምሩ ላይ ጣለው።

ቋ...

ዞር ብሎ ሳያይ አለፈ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ሚኪያስ።

"ሰው የተገደለበት ነው። የሚያልፍ ሁሉ አንድ ድንጋይ ይጥላል። አባቴ እንዲህ ነው ያስለመደኝ።"

"ለምን?"

"እንዳይረሳ ይሆናል። ወይ እንዳይነሳ።" ሞቲ ሳቀ። "እኔ እንጃ። ብቻ ትጥልና ትሄዳለህ። ዞረህ አታይም።"

እኔም አንድ ጠጠር ፈልጌ ጣልኩ። ሚኪያስ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ብዙም ሳይቆይ ደረሰብን።

ወጣን። ሞቲ ከፊት፣ እኔ መሀል፣ ሚኪያስ ከኋላ። ምልክቱን የሚያስቀምጠው እሱ ነው።

አንድ መታጠፊያ ላይ ዞር ስል ምልክቱ ከሩቅ ቦግ ብሎ ታየኝ። "ጎበዝ! እንዲህ ነው ምልክት!" ብዬ አሞገስኩት።

ትንሽ ሄጄ ቆምኩ።

እዚህ አካባቢ ነጭ ድንጋይ የለም።

"ሚኪ... ድንጋዩን ከየት አመጣኸው?"

"ከታች።"

"ከታች የት?"

የቦርሳውን ማንገቻ ጨበጠ።

የጀርባ ቦርሳውን ከፈትኩት። ነጫጭ ድንጋይ ሞልቶታል።

"ጥቁር በጥቁር ላይ አይታይማ!" አለ። "ሃምሳ አለቃ፣ ምልክት ከሩቅ ይታይ የምትዪው አንቺ አይደለሽ?"

እውነቱን ነው። ያንን የምለው እኔ ነኝ።

የሞቲ ሳቅ ጠፋ። "ማል ጎቴ? ምን አደረግክ፣ ሚኪ?"

"ድንጋይ ነው ባክህ።"

"እያንዳንዱን ሰው ነው የጣለው።" ሞቲ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ክምር የሚሠራው ሰው በተገደለበት ላይ ነው። አንተ ማንም ያልሞተበት ላይ ሠራህ። በየመንገዱ።"

"እና ምን ይሁን?"

"እናማ... ክምሩ ካለ ሟቹ የታለ?"



ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ተናደድኩ፤ ግን መጨቃጨቅ አልፈለግኩም። "ጫፉ ይቅርብን፤ እንመለስ" አልኩ። ምልክቶቹን እየሰበሰብን እንወርዳለን፣ ድንጋዩን ቦታው እንመልሳለን፣ ምሳ አዳማ እንበላለን።

መውረድ ጀመርን።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ወፍ አለመኖሩን ነው። ጠዋት ሲንጫጫ የነበረው ሁሉ ጭጭ ብሏል። ዝንብ እንኳ የለም።

ቀጥሎ ጥላችን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማ ጥላችን እግራችን ሥር ገብቷል። ሦስታችንም ጥላ የሌለን ሆነናል።

የመጨረሻው ምልክት ጋ ደረስን።

ሚኪያስ የደረበው ሦስት ድንጋይ ነበር። አሁን ጉልበቴ ድረስ ነው።

"ሌላ ሰው አልፎ ይሆናል..." አልኩ። ራሴም አላመንኩት።

"አትንኩት" አለ ሞቲ። "እለፉ።"

አለፍን። ብዙም አልራቅን።

ቋ...

ከኋላችን ነው። ካለፍነው ክምር በኩል።

ቋ...

ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲጣል። ከዚያ ጸጥ... አንድ ሰው የሚያልፍበትን ያህል። ከዚያ እንደገና።

ቋ...

ዞርኩ። ማንም የለም። ክምሩ ግን ከፍ ብሏል።

"ሰው ነው?" አልኩት ሞቲን በሹክሹክታ።

"ብዙ ሰው ነው። እያለፉ ነው።"

"የታሉ?"

"ዝም ብለሽ ውረጂ።"

ሁለተኛው ምልክት ወገቤ ድረስ ደርሶ ጠበቀን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ክምሩን ሳንታከክ ማለፍ አንችልም። ላዩ ላይ ያለው ድንጋይ እርጥብ ነበር። በዚያ ፀሐይ... እርጥብ።

ቀይ ነው።

ሞቲ ጎንበስ ብሎ አየው። ደሙ ላይ ፀጉር ተጣብቋል። አጭር፣ ጥቁር፣ ከርዳዳ ፀጉር።

ሞቲ ቀስ ብሎ የራሱን ጭንቅላት ዳበሰ። እጁን አየ። ምንም የለበትም።

"ልዩ..." አለ። "ሚኪያስ የታለ?"

ከኋላችን ቆሟል። ቦርሳው ተከፍቷል። እጁ ላይ ነጭ ድንጋይ ይዟል።

"ሚኪ?"

እኛን አያይም። አንድ ጉዳይ ኖሮበት እንደሚሄድ ሰው ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ በእርጋታ መጣ። ሞቲ አጠገብ ሲደርስ እጁን አነሳ። ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው መታው።

የቅንድቡ አጥንት ሲሰበር ሰማሁት። እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው ድምፁ።

ሞቲ በጀርባው ክምሩ ላይ ወደቀ። ሚኪያስ ደገመው። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ፤ ሞቀኝ። ሞቲ እጁን ዘርግቶ ሊከላከል ሲል እጁንም መታው። አይጮህም፣ አይናደድም፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ይህ ወንድሜ ነው። በግ ሲታረድ ከግቢ የሚወጣው ወንድሜ።

ዘልዬ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። እንደ ጨርቅ ወረወረኝ። የቀኝ እጄ ክምሩ ላይ አረፈ፤ ድንጋዩን ጣቶቼ ላይ አሳረፈው። ጮህኩ። ከዚህ በፊት እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ዙሪያችንን ቋ... ቋ... ቋ... ይላል። አሁን ፋታ የለውም። ከላይ፣ ከታች፣ ከሁሉም ምልክት።

እግሩን ነከስኩት። ወደቀ። ደረቱ ላይ ወጣሁ፣ በጉልበቴ አንገቱን ተጫንኩት። ዓይኑ ተገለበጠ። አልለቀቅኩትም። እንዲያውም... እጄ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።

በግራ እጄ ነጭ ድንጋይ ይዣለሁ። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ቀላል ነው፤ ለእጄ ተለክቶ የተሠራ ይመስላል። ከሚኪያስ ግንባር በላይ አንስቼዋለሁ።

"ጣዪው..."

ሞቲ ነው። አፉ ደም ሞልቷል።

"ልዩ፣ ጣዪው... ሟቹ ማንም ይሁን ማን ክምሩ ግድ የለውም።"

 ልመታው ፈልጌ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ፈልጌ ነበር።

ድንጋዩን ወደ ገደሉ ወረወርኩት። ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከትቼ በሚኪያስ ጆሮ ውስጥ ነፋሁ። ትንፋሼ እስኪያልቅ፣ ደግሜ፣ ደግሜ...

ስንት ጊዜ እንደነፋሁ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ላይ ዓይኔ መሬት ላይ አረፈ። ከሥሬ ቀጭን ጥቁር መስመር ወጥታለች። ጥላዬ ናት። ፀሐይዋ ከአናታችን ዘንበል ብላለች።

ድምፁ ቆመ።

"ልዩ?" አለ ሚኪያስ ከሥሬ። "ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው? ሞቲን... ሞቲን ምን ነካው?"

ሞቲን ተሸክመን ወረድን። ሸሚዜን ቀድጄ ፊቱን አስሬዋለሁ፤ ደሙ ግን አልቆመም። ግራሩ ሥር ስንደርስ በሚኪያስ ቦርሳ ውስጥ የቀረውን ድንጋይ በሙሉ ክምሩ ላይ ገለበጥኩት። ዞሬ አላየሁም። ተራራው ላይ የቀሩትን ልሰበስብ የምመለስበት ልብ ግን አልነበረኝም።

ሞቲ ተረፈ። ግራ ዓይኑ ጠፋ።

ለጠየቀው ሁሉ "ከገደል ወድቄ ነው" አለ። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ብቻችንን ስንሆን አለቀስኩ።

"ሚኪን ይቅር በለው" አልኩት።

"ሚኪ አይደለም የመታኝ። እጁ ላይ ብዙ እጅ ነበር።"

 ከዚያ በተረፈችው ዓይኑ አፍጥጦ አየኝ።

"ልዩ... እኔ አልሞትኩም።"

"ተመስገን ነው!" አልኩት።

"አልገባሽም። እኔ አልሞትኩም እኮ። ክምሩ ግን አለ።"

መድኃኒቱ ነው የሚያናግረው ብዬ ብርድ ልብሱን አለበስኩት።

ሠርጉ ተላለፈ። ሚኪያስ ቀን ከሌት ይተኛል። አይበላም፣ አያወራም። ቀትር ላይ ብቻ ይነቃል፤ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ያያል።

ባለፈው ማክሰኞ በራችን ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አገኘሁ።

ልጆች ናቸው ብዬ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። በማግስቱ ሌሎች ነበሩ። ሁሉንም በከረጢት ሰብስቤ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ግራሩ ሥር ወስጄ ጣልኳቸው። አዳማ ስመለስ ከእኔ ቀድመው በራችን ላይ ደርሰዋል።

አሁን ይህን የምጽፈው መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ሚኪያስ ከኋላዬ ተኝቷል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። የግቢውን በር አያለሁ።

ቲማቲም የተሸከመች ሴት መጣች። በራችን ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች። ጣለች። ሄደች።

ቋ...

ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ። ጣለ። ሄደ።

ስልክ የሚያወራ ሰውዬ። ወሬውን እንኳ አላቋረጠም።

ቋ...

ማንም ዞሮ አያይም። ክምሩ ጉልበት ድረስ ደርሷል። እዚህ ቤት ማንም አልተገደለም። ማንም!

ከኋላዬ አልጋው ሲጥ አለ። የሚኪያስ ትንፋሽ አይሰማኝም። መዞር አልቻልኩም...

ተመስገን፣ እማ ከገበያ መጣች! በመንገዱ ማዶ አየኋት፤ ነጠላዋን አውቀዋለሁ። እሷ ካለች ምንም አይመጣም። ልጆቿን ማን ይነካል?

በሩ ጋ ደረሰች። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። እጇን ከሽንኩርቱ ሥር አስገብታ አንድ ነጭ ድንጋይ አወጣች።

ክምሩ ላይ ጣለችው። ዞር ብላ ሳታይ ገባች።

"ልጆች" አለች ከደጅ፣ በሁልጊዜው ድምጿ፤ "ምሳ በላችሁ?"