የከንቲባው ቤት ወንበር

«ያንቺ ሥራ ነው አይደል?» አለ ማርሎን ካፖርቱን እንኳን ሳያወልቅ። ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ለእህቱ ገፋላት። ፎቶው ላይ የገዛ ቤታቸው ቢጫ የወጥ ቤት ወንበር፣ በረዶው በተጠረገ ቦታ መሃል መንገድ ዳር ለብቻዋ ቆማለች።

ጆስሊን መካድ አላማራትም። ከትምህርት ቤት እንደመጣች ወገቧ እስኪቆረጥ በረዶውን የዛቀችው እሷ ናት። እናታቸው ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ስታገላብጥ ውላ ስትመጣ፣ መኪናዋን የምታቆምበት አጥታ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ዳገቱን እንዳትወጣ ብላ ነው። በዚህ ሰፈር ቦታ የጠረገ ሰው ወንበር ያስቀምጣል፤ ወንበር ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ማንም አያቆምም። አያቶቻቸውም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው የኖሩት።

ችግሩ፣ ይህን የከለከለው የከተማው ከንቲባ የገዛ ወንድሟ መሆኑ ነው። በቅርቡ ሁለት ሰዎች በአንድ ቦታ ተጣልተው አንደኛው በአካፋ ሲፈነከት፣ ማርሎን በቴሌቪዥን ቀርቦ መንገድ የሁሉም ነው አለ። ከነገ ጀምሮ የከተማው መኪና ወንበሩን ሁሉ እየለቀመ ይወስዳል።

ማርሎን ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ለከንቲባነት ሲወዳደር ቢሮ መከራያ ስላልነበረው፣ ሰፈርተኛው እዚሁ ወጥ ቤት እየመጣ በእነዚህ አራት ቢጫ ወንበሮች ላይ በተራ እየተቀመጠ ነበር የመከረው። ያኔ ሲስቅ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይጥለዋል። ጆስሊን ታዝንለታለች። እሷም ብትሆን «የከንቲባው እህት» መባል ታክቷታል።

«ወይዘሮ ኮቫልስኪ ወንበሯ የኔ ናት ይሉልኛል» አለ። «ነገ ፎቶውን የላከችልኝ ጋዜጠኛ ስትመጣ አንቺ ዝም በይ፤ ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም።»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኮቫልስኪ ጥግ ላይ ሾርባቸውን እየጠጡ ነበር። «እኔን አሮጊቷን ምን ያደርጉኛል? ያስሩኛል? ይልቅ አንተ ልጅ ትንሽ ቅመስ፤ ሞተሃል እኮ» አሉ።

«ግን እኮ መኪና የላቸውም» አለች ጆስሊን።

ማርሎን ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ማን ያጣራል፣ ጆ? ደክሞኛል።»

ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ይህ ቃሉ ነበር። ሲወዳደር «ማን ያጣራል» የሚሉ ሹሞችን አይደል እንዴ ሲያብጠለጥል የከረመው? ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

በማግስቱ በበረዶው ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። የከተማው መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ፣ ሰፈርተኛው በየደጃፉ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ወንበሩን ያነሳ አንድም ሰው የለም። ሠራተኞቹም ፈራ ተባ አሉ። የከንቲባው ቤት ወንበር ተቀምጣ ማን የማንን ይነካል?

ጋዜጠኛዋ ወደ ማርሎን ጠጋ ብላ ወንበሯ የማን እንደሆነች ጠየቀችው። ወይዘሮ ኮቫልስኪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጆስሊን ግን ቀድማ ደረጃውን ወርዳለች። ወንበሯን አቅፋ ተሸክማ ወደ መኪናው ሄደች።

«የኛ ናት። ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» አለች። ወንድሟን ዞር ብላ ማየት አልቻለችም።

ወንበሯን ለሠራተኛው አቀበለችው። ከዚያ ከዳገቱ ላይ የሚኖሩት ሚስተር ዱጋን በቦታቸው በወንበር ፋንታ ያቆሙትን የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከንቲባውን እየረገሙ አነሱት።

ሲመሽ እናታቸው መኪናዋን ከዳገቱ ሥር አቁማ በጆስሊን ትከሻ ተደግፋ ወጣች። እራት ላይ ወይዘሮ ኮቫልስኪም ነበሩ፤ ወንበሮቹ ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው። ማርሎን ሳህኑን ይዞ መስኮቱን ተደግፎ መብላት ጀመረ። የተቆጣ ይሁን የደከመ አያስታውቅም።

ጆስሊን ጥቂት አየችውና ወደ ዳር ተጠግታ የወንበሯን ግማሽ ለቀቀችለት። ማርሎን መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።