አባቷ የሰማው ፊልም

«ለአባትሽ ንገሪልኝ» አለች መምህርቷ ሚስ ኮሊንስ በእንግሊዝኛ፣ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ። «እምነታችሁን በጣም አከብራለሁ። ቤተ ክርስቲያናችሁ የማይፈቅደውን ፊልም ስለመረጥኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሃሌሉያ ወደ አባቷ ዞረች። ዋቅጋሪ ለዚህ ስብሰባ ሲል ሺፍት ቀይሯል። ከሚሠራበት መጋዘን በቀጥታ ስለመጣም ብርቱካናማውን የሥራ ጃኬት አላወለቀም።

«ምን አለች?»

ሜልበርን ዳርቻ ያለችው ታርኔት ከገቡ ጀምሮ ከሐኪሙም፣ ከባንኩም፣ ከትምህርት ቤቱም ጋር የሚነጋገረው በሃሌሉያ በኩል ነው። አሁንም «ጎበዝ ልጅ አለህ እያለች ነው» ብትለው አመስግኖ ይነሳል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

ፊልሙ የድሮ የእንግሊዝ ፊልም ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ተማሪዎቹ አይተውት ሲያበቁ፣ በሀብታምና በድሃ መካከል ስላለው ልዩነት ምን እንደሚል እያንዳንዳቸው በሚመጣው ዓርብ ክፍሉ ፊት ቆመው መናገር አለባቸው። ሃሌሉያ ደግሞ ሰው ፊት መናገር ትፈራለች። መላ ያመጣችላት ጓደኛዋ ሄርሞን ናት። «ሃይማኖቴ አይፈቅድም በያት፣ አለቀ! ማን ደፍሮ ይከራከርሻል? ፈታ በይ ባክሽ።»

በእርግጥም ማንም አልተከራከራትም። ፊልሙ ገና ሳያልቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት ላኳት፤ የቀረውን ማታ መኝታ ቤቷ ገብታ ለብቻዋ ጨረሰችው። ሚስ ኮሊንስ ወላጆቿን ጠርታ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ትደርሳለች ብሎ ግን ሄርሞንም አላሰበችም።

ፊልሙ ውስጥ ማንም ማንንም አይሰድብም። ሁሉም ነገር፣ መግደሉም ጭምር፣ በትህትና ነው የሚፈጸመው። እዚህም ሦስቱም በትህትና ተቀምጠዋል።

«ሃሌ፣ ምን አለች?»

«ይቅርታ እየጠየቀችህ ነው» አለች ሃሌሉያ። «እኔ… ቤተ ክርስቲያናችን ፊልሙን ከልክላለች ብዬ ነግሬያት ነው።»

«ማን ከለከለ? ፓስተሩ?»

«ማንም አልከለከለም። ሰው ፊት ቆሜ ማውራት ፈርቼ ነው። ሶሪ አባዬ።»

ዋቅጋሪ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ሚስ ኮሊንስ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ታያለች።

«እኔ እዚህ አገር የምኖረው አንቺ ያልሽኝን እያመንኩ ነው» አለ በመጨረሻ ቀስ ብሎ። «ይህን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ለመሆኑ ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?»

«አንድ ድሃ ልጅ አለ። ሀብታም ዘመዶቹ ከደጃፍ መለሱት። እሱም ርስታቸውን ለመውረስ አንድ በአንድ ይገድላቸዋል።»

«በኢየሱስ ስም!»

«ግን ያስቃል፣ አባዬ። ጨዋ ነው። በር ላይ እንኳ ‹እርስዎ ይቅደሙ› ብሎ አሳልፎ ነው የሚገድላቸው።»

«ለቅሶስ ይደርሳል?»

«ከሁሉም ቀድሞ! ጥቁር ለብሶ። ከሟች ሚስት በላይ ያለቅሳል፤ ሰዎች እሱን ነው የሚያጽናኑት።»

የዋቅጋሪ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሃሌሉያ ተነሣችና የፊልሙ ሰውዬ አጎቱን ወደ ኩሬ እየገፋ ባርኔጣውን አንሥቶ እንዴት እጅ እንደሚነሣ አሳየችው። አባቷ አፉን በእጁ ቢሸፍንም ሳቁ አመለጠው።

«እንዲህ ያለ አልቃሽማ እኛም ሰፈር ነበር!» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «እሱ ግን ማንንም አልገደለም።»

ሃሌሉያም ሳቀች። ቆማ እያወራች እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው።

«ምን ብለሽው ነው እንዲህ የሳቀው?» ሚስ ኮሊንስም ሳቁ ተጋብቶባት ፈገግ ብላለች።

ዋቅጋሪ ሳቁን ዋጠ። «አሁን ለእሷም ንገሪያት። ለእኔ እንደነገርሽኝ፣ ሳትቀንሺ።»

ሃሌሉያ አልተቀመጠችም። «ሚስ ኮሊንስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ምንም አልከለከለችም» አለች። «ዋሽቼሻለሁ። ክፍል ፊት መናገር ፈርቼ ነው። ይቅርታ።»

ሚስ ኮሊንስ ያጣጠፈቻቸውን እጆቿን ፈታች። ከዚያም «ታዲያ ምን እናድርግ?» አለቻት።

«ዓርብ እኔም ላቅርብ። ግን… መጀመሪያ እኔ ብሆን ይሻላል» አለች ሃሌሉያ። «ተራ ስጠብቅ እንዳልሸሽ።»