በቀዩ መደብ ላይ የተበጠበጠ ግራጫ

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ወልደ ጊዮርጊስ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ እንደ ተደፋ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የእንጨት መዶሻ አጠገቡ ወድቋል፤ ከጠረጴዛው ላይ ክንድ የምታህል የእንጨት አውሮፕላን ክንፎቿ በእርጥብ ግራጫ ቀለም ተቀብተው ቆማለች።

ሟቹ ከኮሪያ ዘመቻ ሲመለስ ጃፓንን ረግጦ ነበር። ከዚያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከወደቀ የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ የተቆረጠች ቁራጭ ብረት ይዞ መጣ። ከፈረስ መጋላ ዝቅ ብሎ በሐጂ ዐብዱኑር ግቢ ክፍል ተከራይቶ፣ የዚያን ጦርነት አውሮፕላኖች እያሳነሰ ሲቀርጽና ቀለማቸውን በዚያች ብረት ልክ ለማውጣት ሲደክም ኖረ።

መርማሪው ሻምበል ዐብዱሰመድ በማግስቱ ረፋድ ደረሰ። ሐጂ ግድያው በተፈጸመበት ቀን ከግቢው በር ሳይነሱ ስለ ዋሉ የገባውን ሁሉ ያውቃሉ፤ ጠዋት የሟቹ የዘመቻ ጓደኛ ለገሠ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ምሳ ይዛ ገብታ ሬሳውን ያገኘችው የገዛ ልጃቸው ነሲማ፤ ሌላ ሰው የለም። ለገሠ ሲወጣ አውሮፕላኗ ገና ያልተቀባች ነጭ እንጨት እንደ ነበረች ቃሉን ሰጥቷል። እንዲያ ከሆነ ሟቹ ክንፏን የቀባው ለገሠ ከሄደ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የገባች ደግሞ ነሲማ ብቻ ናት። የፖሊስ አዛዡ ልጅቱ በዚያው ዕለት ወደ ወህኒ እንድትወርድ አዘዋል።

«ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ልጅ ናት፤ ወላሂ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አላህ አይቷል፤ አንተም እይ፣ ልጄ።»

ሻምበሉ ነሲማን ስለ ሟቹ ልማድ ጠየቃት።

«ጋሼ ቀለም የሚበጠብጡት ግቢው መሃል ተቀምጠው ነው፤ ከዘነበ ሥራውን ይተዉታል። አባቴ ‹ይህ ሰውዬ ፀሐይንም ተከራይቷል› እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።»

«ትናንትስ?»

አልወጡም አለች፤ ሐጂም አረጋገጡ።

የቀለሙ ሳህን የተገኘው ከውስጥ፣ እንደ አገሩ ደንብ ቀይ አፈር በተቀባው ሰፊ መደብ ላይ ነው። ሻምበሉ ሳህኑን ትክ ብሎ አየው፤ እሱም የተወለደው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። ለገሠ የእጅ ሥራ መምህርነት ለማግኘት ቀብቶ ሟቹን እንዳስገመገማት ነሲማ የነገረችውን ሌላ አውሮፕላን ከመደርደሪያው ላይ አወረደና ደጅ ይዟት ወጣ፤ አገላብጦ አይቷት ተመለሰ።

ለገሠ ከሸዋ በር ተጠርቶ መጣ። ሁሉም በተሰበሰቡበት ሻምበሉ ብረቷን ሰጠው።

«የቀለም ነገር አልገባኝም፣ አቶ ለገሠ። ከዚህች ጋር የሚገጥመውን ቢያወጡልኝ።»

ለገሠ መደቡ ላይ ተቀምጦ ይበጠብጥ ጀመር። «እሱ ለዚህ ቀኑን ሙሉ ይፈጅበት ነበር» አለ ፈገግ ብሎ። ከቀለሙ ጠብታ ብረቷ ላይ ቀባ፤ ጠብታው ከብረቷ አልለይ አለ።

«ግሩም ነው። እስቲ ደጅ እንውጣ።»

ፀሐይ ላይ ብረቷ የማር ጥላ ያለባት ግራጫ ሆነች፤ ጠብታው ግን እንደ ሻገተ ነገር አረንጓዴ ሆኖ ተለየ። ሻምበሉ አዲስ የተቀባችውን አውሮፕላንና የለገሠን አጠገቧ አኖረ። ሁለቱም ያው አረንጓዴ ናቸው።

«ከቀዩ አፈር የሚመለሰው ብርሃን ልዩነቱን ይውጠዋል» አለ። «ሟቹ ይህን ስለሚያውቅ ውስጥ በጥብጦ አያውቅም። ስለዚህ ክንፉን የቀባው ሌላ ሰው ነው። ነሲማ ብትገድል ኖሮ እርጥቡ ቀለም እሷኑ የሚያስይዝ ነውና አትቀባውም ነበር። የሚጠቅመው ‹እኔ ስወጣ አልተቀባችም› ላለ ሰው ብቻ ነው። ግቢ ወጥቶ እንዳይበጠብጥ ደግሞ ሐጂ ከበሩ ሆነው ያዩታል።»

ሻምበሉ ወደ ለገሠ ዞረ።

«የእጅ ሥራ መምህርነቱን ለማግኘት የሟቹ ምስክርነት ያስፈልግዎት ነበር። ከለከለዎት።»

ሐጂ ዐብዱኑር የልጃቸውን እጅ ያዙ። ለገሠ ሊያስሩት የቀረቡትን ፖሊሶች ቀና ብሎም አላያቸው፤ ዓይኑ ከብረቷ ላይ አልተነሣም።

«ቀለሙን ስተሃል ሲለኝ ቀንቶብኝ መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ደጅ አውጥተህ እየው ብሎኝ ነበር።»