«ደህና ነው» የሚለው ደብዳቤ

ዙህራ ደብዳቤውን ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ከኢንሹራንሱ የመጣ ነው። ዶክተሩ ለአባቷ ያዘዘውን፣ በየስምንት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጠውን አዲስ መድኃኒት አንሸፍንም ይላል። ምክንያቱ አንዲት መስመር ናት፤ «ታካሚው በመጨረሻው ቀጠሮ ደህና እንደሆነ ተናግሯል፤ አሁን የሚወስደው ክኒን በቂ ነው።»

ጆሮዋ ጋለ። ታካሚው መቼ ተናገረ? የተናገረችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷን አብዱልመናንን የትልቁ አንጀት ቁስለት ከያዘው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሆስፒታሉ የአማርኛ አስተርጓሚ አለን ቢለው በጄ አላለም። «አስተርጓሚው የማውቀው ሰው ቢሆንስ? ኦክላንድ እንደሆነች ጠባብ ናት። ጁምዓ ሲደርስ ወሬው መስጊድ ቀድሞኝ ይገባል» አለ። ስለዚህ የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት እየቀረች ታስተረጉምለት ጀመር። ዶክተሩ «እንዴት ነህ?» ሲለው ደግሞ አብዱልመናን ያው የወሎ ሰው አይደል፣ እግሩ ተሰብሮ እየጎተተው ቢመጣም መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።» ዙህራም እንዳለ ተረጎመችው። ዶክተሩም እንዳለ ጻፈው።

ደህና ግን አልነበረም። ሥራው ከኤርፖርት መንገደኛ ማመላለስ ነው፤ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያለውን የነዳጅ ማደያ ሽንት ቤት አንድ በአንድ ያውቀዋል። ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ለምን እንደሚከፍተው ዙህራ ታውቃለች፤ ደሙንም አንድ ቀን አይታለች። ክኒኑ ካልያዘለት አንጀቱ ተቆርጦ ሊወጣ እንደሚችል ዶክተሩ ሲናገር የተረጎመችውም እሷው ናት፤ ያን ቀን ምሳዋን ሳትነካው መለሰችው።

ዶክተሩ ይግባኝ ብሎለታል፤ ዛሬ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ የኢንሹራንሱ ነርስ አባቷን ልትጠይቅ ትደውላለች። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል መኖሩን እንጃ።

«አባዬ፣ ደብዳቤው እንዲህ የመጣው በእኔ ነው» አለችው። «ደህና ነኝ ስትል፣ ሂ ኢዝ ፋይን አልኩ። ደህና እንዳልሆንክ እያወቅኩ።»

አብዱልመናን ሶፋው ላይ ትራስ ሆዱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። «እኔ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ እንጂ ሪፖርት አቀረብኩ እንዴ?» አለ።

«ዛሬ እውነቱን ንገራት።»

«በአንቺ አፍ?» ድምፁ ዝቅ አለ። «አንቺን ፊቴ አስቀምጬ ስንት ጊዜ እንደምገባ፣ ምን እንደሚወጣኝ ላውራ? ኧረ ተዪኝ ልጄ። ደህና ነው፣ ግን መድኃኒቱን ስጡት በያት።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የምትለኝ አንተ አይደለህ?»

«እሱ ለሒሳብ ፈተናሽ ነው» አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ እሱ ግን ሳቁን ሳይጨርስ ሆዱን ያዘ።

ዙህራ ቦርሳ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ሳምንቱን ሙሉ፣ እሷ ቤት እያለች አባቷ ሽንት ቤት በገባ ቁጥር አንድ አንድ ሰረዝ ስታሰምርበት ከርማለች። ሰኞ አሥራ አንድ፣ ማክሰኞ አሥራ አራት። እሱ «ደህና ነኝ» ቢል እሷ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ልትዘረግፈው ትችላለች። ግን «ብለድ»፣ ደም፣ የምትለዋን ቃል እሱም ያውቃታል። ከዚያ ወዲያ እንዴት ቀና ብሎ ያያታል?

ስልኩ ጠራ። ዙህራ ስፒከር ላይ አደረገችው። ነርሷ ራሷን ካስተዋወቀች በኋላ፣ «የምታስተረጉሚለት አንቺ ነሽ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

ዙህራ ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች፤ አባቷን አየች።

«ኖ» አለች። «እኔ ልጁ ነኝ። እባክሽ ሌላ አስተርጓሚ ስጪን።»

አባቷ ዓይኑን አፈጠጠባት። ስልኩ ላይ ሙዚቃ ጥቂት ከተንቆረቆረ በኋላ ጎርነን ያለ የአዛውንት ድምፅ በአማርኛ መጣ። «ጤና ይስጥልኝ። አስተርጓሚ ቁጥር ሰባ አራት ነኝ፤ ያለሁት ሌላ ስቴት ነው። የሚነግሩኝን ሁሉ እተረጉማለሁ፤ ከዚህ ስልክ አይወጣም።» ስሙን አልተናገረም፤ የእነሱንም አልጠየቀም።

ዙህራ ደብተሩን ከፍታ አባቷ ጉልበት ላይ አኖረችው። አብዱልመናን ሰረዞቹን አየ፤ ቀኖቹን አየ። ከዚያ እሷን አየ። ስትቆጥር እንደከረመች ገባው።

«ነርሷ እንዴት ነዎት ትላለች» አለ አስተርጓሚው።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ አብዱልመናን፣ ከአፉ አምልጦት።

ዙህራ ጫማዋን አጥልቃ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ሳይገጥም የአባቷ ድምፅ ተከተላት።

«ወንድሜ፣ አንዴ ይቆዩኝ። ይቺን ደህና ነኝ ያልኳትን አይተርጉሟት።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ የቀረውን ላለመስማት የጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች።