ሞተሩን የገጠመው እጅ

«አሁን ካቴናውን በጣትሽ ወደ ላይ ግፊው» አላት አባቷ። «ምን ያህል ተነሣ?»

«ሁለት ጣት።»

«ላልቷል። ሩብ ዙር አጥብቂ።»

ሊሊሴ መፍቻውን ሩብ ዙር አዞረች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። ከፊቷ ድንጋይ ላይ የቆመው ደግሞ ለእሽቅድድም የተሠራ ቀይ ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። ባለቤቱ ዋጋሪ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው ነው የገዛው። አሁን የሠርግ መኪኖችን ከፊት ከፊት እየመራ ይነዳዋል፤ ነቀምቴ ውስጥ ድምፁን የማያውቅ ልጅ የለም።

ሞተሩ እቤታቸው የመጣው ለአባቷ ለተረፋ ነበር። ተረፋ ከወጣትነቱ ጀምሮ መካኒክ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አሁን አሁን ግራውም ጀምሮታል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም ብሎታል። ያኔ ጋራዡን ትቶ ሥራውን ወደ ግቢው አመጣ። እሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ ይናገራል፣ ሊሊሴ ትፈታለች፣ ታጥባለች፣ ትገጥማለች። ይህን የሚያውቁት እናቷና እነሱ ብቻ ናቸው። ሰው ሲጠይቀው «መፍቻ ታቀብለኛለች» ይላል። አንዳንዴ ቅር ይላታል። ግን የተጠገነ ሞተር ሲነሣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ታየዋለች፤ ያን ጊዜ ቅሬታዋ ይጠፋል።

ቅዳሜ ጠዋት ዋጋሪ መጥቶ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለ። «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ተረፋ?»

«ነጋ፣ ነጋ። ና አስነሣው።»

ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ዋጋሪ ጥርሱ ሁሉ ታየ። «እጅዎ ይባረክ። እርስዎ እኮ አያረጁም» አለ። የአጎቱ ልጅ ሠርግ አኖ በምትባል ከተማ ነበር፤ ነዳጅ ቀድቶ በቀጥታ ወደዚያው ሊሄድ ቸኩሏል።

እሱ ከወጣ በኋላ ሊሊሴ ዕቃ የታጠበበትን ናፍጣ ልትደፋ ጣሳውን አነሣች። ከናፍጣው ሥር አንድ ነገር ብልጭ አለ። በጣቷ አወጣችው። የፊት ጎማው ዳዶ ተፈትቶ እንዳይወጣ የምትቆልፈው ቀጭኗ ሽቦ ነበረች። የግራውን ስታስገባ ታስታውሳለች። የቀኙንም ያስገባች መስሏት ነበር።

ዳዶውን ባላት ጉልበት ሁሉ አጥብቃዋለች፤ ምናልባት ደርሶ እስኪመለስ ምንም ላይሆን ይችላል። ብትደውል ደግሞ «ኦቦ ተረፋ ረሳ» የሚለው ወሬ እኩለ ቀን ሳይሞላ ከተማውን ያዳርሳል። ከዚያ ወደ አኖ የሚወስደው ቁልቁለት ታያት፤ ዋጋሪ ከሙሽሮቹ መኪና ፊት ሲበር። ስልኩን አነሣች።

«ዋጋሪ፣ የት ነህ?»

«ማደያ፣ ሰልፍ ላይ። ምነው ሊሊ?»

«ሞተሩን እንዳታንቀሳቅሰው።»

ተረፋ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። መዳፏ ላይ ያለችውን ሽቦ አየና ስልኩን ተቀበላት። «አንዲት ነገር ረስቻለሁ፣ ልጄ። መጣሁ፣ ባለህበት ቆየኝ።»

ባጃጅ ውስጥ ገብተው ሲሄዱ «አባ፣ ለምን እንደዛ አልክ?» አለችው።

«ሥራውን የተቀበልኩት እኔ ነኛ» አለና ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

የማደያው ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ሾፌሮቹ ተረፋን ሲያዩ ከየባጃጃቸው ወርደው ሰላም አሉት፤ ዙሪያውንም ከበቡት። እሱ ቀኝ ጎማው ሥር ተንበረከከ፣ የዳዶውን ክዳን በሊሊሴ አስነሣና ሽቦዋን ያዘ። ጫፏ የዳዶውን ጠርዝ እየመታች ቀጭ ቀጭ አለች። እንደገና ሞከረ። ሾፌሮቹ ወሬያቸውን አቆሙ። በሦስተኛው ሽቦዋ አመለጠችውና መሬት ወደቀች።

ሊሊሴ አነሣቻት። የእጁን አንጓ ደግፋ ብትይዝለት ማንም ምንም ሳያይ ሊያልፍ ይችል ነበር። እጇን ዘረጋች፤ ግን መልሳ ሰበሰበችው።

«የቀኙን የረሳሁት እኔ ነኝ፤ የግራውን አስገብቼዋለሁ» አለች ለዋጋሪ። «ዘይቱን የቀየርኩትም፣ ኩሽኔታውን ግራሶ የቀባሁትም እኔ ነኝ። አባቴ እየነገረኝ።»

ዋጋሪ ወደ ተረፋ ዞረ። ተረፋ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ አሳያቸው።

«እውነቷን ነው። በእነዚህ ከሠራሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ኢቢሳ የሚባለው ባለ ባጃጅ አንገቱን አሰገገ። «የኔንም ሞተር እሷ ናት የፈታችው?»

«ያንተንም።»

ኢቢሳ አሰበ። «እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ቆሜ አላውቅም» አለ፤ የሚያውቀው ነገር እንደ አዲስ እየገባው። አንድ ሁለቱ ሳቁ።

ሊሊሴ ሽቦዋን አስገባች። «ጫፎቹን ለያይተሽ እጠፊ፣ ኢንተለ ኮ» አላት አባቷ። «ልጄ» ማለቱ ነው። በሰው ፊት ሥራ ሲነግራት የመጀመሪያው ነበር። ጆሮዋ ጋለ፤ እጇ ግን ሥራውን ያውቀዋል፣ በፒንሳ አጠፈቻት።

ዋጋሪ ሞተሩ ላይ ወጣ። «በቃ? ሙሽራው በደወል ሊገድለኝ ነው።»

ሊሊሴ ግራ ጎማውን አየች። የእሱን ሽቦ ማስገባቷን ታስታውሳለች። የቀኙንም እኮ አስታውሳ ነበር። እጇን ሰድዳ የሞተሩን ቁልፍ ነቀለችና ኪሷ ከተተችው።

«ግራውንም ልክፈተው።»

«አስገብቼዋለሁ አላልሽም እንዴ?»

«ብያለሁ። ግን ልየው።»

ዋጋሪ እንዲያግዘው ወደ ተረፋ ተመለከተ።

«እኔን አትየኝ» አለ ተረፋ። «እሷን ጠይቅ።»

ሊሊሴ ፒንሳውን ይዛ በሞተሩ ፊት ዞረችና በግራ በኩል ተንበረከከች።